ማንም በማያይበት መታጠፊያ፦ ስለ ሩጫ፣ ስለ ይሉኝታና ስለ ኅሊና

ስለ ሩጫና ስለ እሴት የሚወራበትን ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ከሃያ በላይ መልስ መጥቷል። ዘግይተው የገቡ ሰዎች ወሬው ከየት እንደተነሳ ጠፍቷቸዋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ በየቁጥሩ፣ በራሴ አነጋገር ልተርከው። የማንንም ጽሑፍ እንዳለ አልገለበጥኩም። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

የመክፈቻው ጽሑፍ

ደሴ ነው የምኖረው። አስተማሪ ነኝ። ሩጫ እንጀራዬ አይደለም፣ ግን እወደዋለሁ። ካለፈው መስከረም ጀምሮ ለግማሽ ማራቶን፣ ማለትም ለ21 ኪሎ ሜትር፣ እየተዘጋጀሁ ነው። ስድስት ሆነን እንሮጣለን፦ ሁለት አስተማሪ፣ አንድ ባለሱቅ፣ አንድ ልብስ ሰፊ፣ ሁለት ተማሪ። ከሆጤ እንነሳና አንዳንዴ ወደ ቦሩ ሜዳ፣ አንዳንዴ በሐረጎ በኩል ወደ ኮምቦልቻ አቅጣጫ እንወርዳለን።

ጥቅምት ላይ አንድ ቀን ብቻዬን ወጣሁ። ፕሮግራሙ 18 ኪሎ ሜትር ይላል፣ ዘጠኝ ሄዶ ዘጠኝ መመለስ። የደሴን ጉም የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ከፊቴ አሥር ሜትር አይታየኝም ነበር። መታጠፊያዬ ከመንገዱ ዳር ያለች አንዲት የቆርቆሮ ቤት ናት። እሷ ጋ ሳልደርስ፣ ሰባት ተኩል ኪሎ ሜትር ላይ፣ ዞርኩ። ቤት ገባሁ፣ ሰማያዊ ደብተሬን አወጣሁ፣ 18 ብዬ ጻፍኩ። ያየኝ የለም። በሳምንቱም እንደዚያው አደረግኩ።

አሠልጣኝ ለሌለው ሰው አሠልጣኙ ደብተር ነው። በሚቀጥለው ወር ስንት ልጨምር ብዬ የምጠይቀው እሱን ነው። ደብተሩ ላይ ያለው ሰው 18 ለምዷል። መንገድ ላይ ያለው ሰው ገና 15 ላይ ነው። 22 ስሞክር ባቴ ያዘኝ። አምስት ሳምንት ተቀመጥኩ።

ሦስት ኪሎ ሜትር ማጉደል ማንንም አይገድልም፣ የደከመ ሁሉ ያጎድላል። የጎዳኝ መጻፌ ነው። ከሕመሙ ስመለስ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሦስት ቃል ጻፍኩ፦ እውነት፣ ቃል፣ ሰው። ከየቃሉ ሥር አንድ አንድ ሥራ አኖርኩ። በእውነት ሥር፣ የተሮጠው ብቻ ይጻፋል። በቃል ሥር፣ ቅዳሜ እመጣለሁ ካልኩ እመጣለሁ፣ ካልቻልኩ ማታውኑ እደውላለሁ። በሰው ሥር፣ የኋለኛው ሳይደርስ ውሃ አይጠጣም። ይኸው ስድስት ወር ሆነኝ። ከዚያ ወዲህ በጉዳት አንድም ሳምንት አልተቀመጥኩም።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። እናንተን የሚያስሮጣችሁ እሴት ምንድን ነው? ልምምዱ ላይስ በምን ይታያል? ጥቅስ ሳይሆን ሥራ ነው የጠየቅኩት።

መልስ 1

የኮምቦልቻ ልጅ ነው። አብሽር ብሎኝ፣ እሱም ስልኩ ላይ ያለው የርቀት መቁጠሪያ ባትሪ ሲጨርስ ቀሪውን በግምት እየሞላ እንደኖረ ነገረን። ከእንግዲህ እንደሚተወው ጻፈ። አጭር ነበር፣ ደስ አለኝ።

መልስ 2

ጡረታ የወጡ የወልድያ የስፖርት መምህር ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። በጨዋ ደንብ አመስግነው ሲያበቁ አረሙኝ። ባቴን የጎዳው የደብተሩ ውሸት ብቻ አይደለም። በትክክል 18 ሮጬ ቢሆን እንኳ በአንዴ አራት ኪሎ ሜትር መጨመር፣ ያውም በደሴ ዳገት፣ ብዙ ነው። ልክ ናቸው። ቀጥለው በሳምንት ስንት ኪሎ ሜትር እንደምሮጥና ስንት ቀን እንደማርፍ ጠየቁኝ። ፕሮግራም የሌለው እሴት ወሬ ነው የሚል አቋም አላቸው።

ከዚያ ወደ ጥያቄዬ መጡ። በዚህ ክር ውስጥ ከተጻፈው ሁሉ እኔን በጣም የጠቀመኝ የሳቸው ነው። ለጋሼ የረጅም ርቀት ሯጭ ዋና እሴት ትሕትና ነው። የሚታየውም በቀላል ሩጫ ቀን ነው። ጥሩ ሯጮች ከልምምዳቸው አብዛኛውን፣ 80 በመቶ ግድም፣ እያወሩ መሮጥ በሚያስችል ዝግታ ነው የሚሮጡት። ኮሮኮንች ላይ፣ ሣር ላይ፣ ቀስ ብለው። ልብን የሚያፈነዳው ፍጥነት በቀረችው ጥቂት ቀን ነው። የእኛ ልጆች ግን ኢዚ፣ ማለትም ቀላል፣ በተባለው ቀን ይሽቀዳደማሉ። አንዱ ግማሽ ሜትር ቀደም ሲል ሌላው ይጨምራል፣ ያኛው ደግሞ ይመልስለታል፣ ሳይታወቃቸው ልምምዱ ውድድር ሆኖ ያልቃል፣ በማግስቱ ስፒድ፣ የፍጥነት ልምምዱ፣ ሲመጣ እግር የለም። ቀስ ብሎ መሮጥ፣ ታናሽህ ሲያልፍህ አይተህ እንዳላየህ መሆንን የሚችል ልብ ይፈልጋል። ይህን በሠላሳ ዓመት ሥራቸው ለማስተማር ከሁሉም የከበዳቸው ነገር እንደሆነ ጻፉ።

ስለ ቦታም ጨመሩ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፣ ኮምቦልቻ ከዚያ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ከፍ ባለ ቦታ የኦክስጅን ግፊቱ ስለሚቀንስ ያው እግር በዝግታ ነው የሚሄደው። ስለዚህ የደሴ ልጅ ሰዓቱን ከኮምቦልቻ ልጅ ሰዓት ጋር እያስተያየ መበሳጨት የለበትም። ከአንደኛው መልስ ሰጪ ጋር በሰዓት እንዳልፎካከር አስቀድመው መከልከላቸው መሰለኝ።

መልስ 3

ሐይቅ የምትኖር ነርስ ናት። የሷ እሴት ራስን ማክበር ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት በሐይቁ ዳር ስትሮጥ ያልተባለችው የለም። ምን ጠፍቶባት ነው ያለም ነበር፣ ማን ሊያገባት ነው ያለም ነበር። ወንድሟ በብስክሌት ከኋላ ይከተላት ነበር። አንድ ቀን እሱ ታመመና ብቻዋን ወጣች። ውሃ ቀድተው የሚመለሱ ሁለት ልጃገረዶች መንገድ ላይ አገኟት። ጄሪካናቸውን መሬት አስቀመጡና በነጠላ ጫማ እስከ መታጠፊያው አብረዋት ሮጡ። አንደኛዋ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ ነው የተመለሰችው። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞና ሐሙስ እነሱ ይጠብቋታል። መቅረት ለሷ ልምምድ መዝለል አይደለም፣ ቀጠሮ ማፍረስ ነው።

መጨረሻ ላይ በሙያዋ አንድ ምክር ጣል አደረገች። ሴት ሯጮች ብረት ቶሎ ያንሳቸዋል። ምግብ ላይ ወዲያው ቡናና ሻይ መደረብ ብረቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያደርጋል፣ ስለዚህ አንድ ሰዓት ያህል ማቆየት ጥሩ ነው። ምስር ወጥ ላይ ሎሚ ጠብ ማድረግ ደግሞ ያግዛል። ሁልጊዜ የሚደክማት ካለች ፕሮግራሟን ከመክሰሷ በፊት ደሟን ትመርመር ብላለች። በወሎ ቡና ሳይጠጣ ከማዕድ መነሳት ቀላል እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ ግን ምክሩ ይያዝልኝ።

መልስ 4

እዚህ ላይ ነው ክሩ የሞቀው። ስሙን ያልገለጸ ሰው ሁላችንንም ወረደብን። በሱ አስተያየት እሴት የሚባለው ነገር ወር ጠብቆ ደሞዝ የሚበላ ሰው ጨዋታ ነው። የገበሬ ልጅ ለገንዘብ ይሮጣል፣ ሲያገኝ ቤት ይሠራል፣ ሲያጣ ይመለሳል፣ ሌላው ሁሉ ማስዋቢያ ነው። ደብተር ላይ የዋሸው አስተማሪ ጾሙን የሚያድርበት ነገር የለም አለ። ቃሉ ከበድ ያለ ቢሆንም ያልተነካካ እውነት አለበት።

መልስ 5

ለሱ የመለሰለት ደሴ ባጃጅ የሚነዳ የቀድሞ ሯጭ ነው። አዲስ አበባ ክለብ ውስጥ ነበር። እንጦጦና ሰንዳፋ ለልምምድ ለመድረስ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ይነሳ ነበር። በከፊል ከ4 ጋር ተስማማ። እሱም የሮጠው የእናቱን ቤት ከሣር ወደ ቆርቆሮ ለማዞር ነው፣ አያፍርበትም። ግን ገንዘብ ያለው ውድድሩ መጨረሻ ላይ ነው። አምስት ወር ሙሉ ውድድር በሌለበት፣ በብርድ፣ ከብርድ ልብስ ውስጥ ሰውን ጎትቶ አያወጣም። እሱን ያወጣው ሌላ ነገር ነው። ስምንት ልጆች በአንድ የኪራይ ክፍል፣ በአንድ ብረት ድስት ይኖሩ ነበር። ረጅሙን ሩጫ ተራ በተራ ይመራሉ፣ ከፊት ያለው ንፋሱን ይከፍላል፣ የኋለኞቹ እግሩን እያዩ ይከተላሉ። እሱ ከተኛ የሱን ተራ የሚሸከመው ትናንት የመራው ልጅ ነው። ይህን እያወቀ መተኛት አልቻለም።

በኋላ የተረከዙ ጅማት ተጎዳና ክለቡን ለቀቀ። ቆርቆሮው በሩጫ ገንዘብ አልተሠራም። በባጃጅ ነው የሠራው። ያን ጊዜ ግን አይቆጭበትም። ይህን መልስ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

መልስ 6 እና 7

ከመርሳ የጻፈች አንባቢ ጥሩ ጥያቄ ጣለች። እኔ እሴት የምለውና 5 የነገረን ነገር በደፈናው ይሉኝታ አይደለም ወይ? ሰው ምን ይለኛል ብሎ መነሳት? ይሉኝታ ደግሞ እኛ ጋ ሞልቷል፣ ሁላችንም ሯጭ በሆንን ነበር።

ጋሼ ተመልሰው መጡ። ይሉኝታን አይንቁትም፣ ከአልጋ ያስነሳል። ግን ያው ይሉኝታ የታመመን ልጅ ከቡድኑ ላለመቅረት ሲል እያነከሰ ያስሮጠዋል። እያነከሰ የመጣ ልጅ አሠልጣኙ ሲያየው ቀጥ ብሎ ሲራመድ፣ ዞር ሲል ሲያነክስ ደጋግመው አይተዋል። የዓመት ልፋት በአንድ ሳምንት ሲጠፋም አይተዋል።

እኔም ጨመርኩበት፣ ምክንያቱም ጥያቄው ያመኛል። ጉሙ ውስጥ ይሉኝታ አልነበረም። የሚያየኝ ስላልነበረ እሱም አብሮኝ አልወጣም። ያን ቀን ያስፈልገኝ የነበረው ኅሊና ነው። የረጅም ርቀት ልምምድ ደግሞ አብዛኛው ሰው በማያይበት ነው የሚያልፈው፦ መንገድ ላይ ብቻ ሳይሆን ማታ በስንት ሰዓት ተኛህ፣ ማሟሟቁን ሠራህ ወይስ ዘለልከው፣ ሕመሙን ተናገርክ ወይስ ዋጥከው። ይሉኝታ እዚህ ሁሉ አይደርስም።

መልስ 8

የስፖርት ሳይንስ ተማሪ ነው። ግብና እሴትን ለያይቶ አስረዳን። ግብ ይደረስበታል ወይም ይቀራል፣ 21 ኪሎ ሜትሩ ሲያልቅ እሱም ያልቃል። እሴት አቅጣጫ ነው፣ ወደ ሰሜን እንደመሄድ፣ ደረስኩበት አይባልም። ግቡ ብቻ ያለው ሰው ከውድድሩ በኋላ ባዶ እንደሚሆንበት ጻፈ፣ ይህንንም በራሱ አይቶታል።

ሳሙኤሌ ማርኮራ የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣውን ጥናትም ጠቀሰ። ሰዎቹን ለ90 ደቂቃ አእምሮ በሚያደክም ሥራ ካቆዩ በኋላ ብስክሌት እስኪያቅታቸው እንዲነዱ አደረጓቸው። ካረፉበት ቀን ቀድመው አቆሙ። ልባቸውና ጡንቻቸው ላይ ግን ለዚህ የሚበቃ ልዩነት አልተገኘም። ልዩነቱ ሥራው እንዴት እንደከበዳቸው ላይ ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ቆሜ ማታ ስወጣ እግሬ ለምን እርሳስ እንደሚሆንብኝ ገባኝ። ይህ ልጅ ከሁሉም በላይ ያተረፈልኝ ሐሳብ፣ ድካም ሲመጣ ለምን እንደምትሮጥ ያኔ መፈለግ እንደማይቻል ነው። ከቤት ይዘኸው መውጣት አለብህ።

መልስ 9 እና 10

አንድ ወንድማችን በሀገር ፍቅር ተነስቶ አበበ ቢቂላ በሮምም በቶኪዮም በባዶ እግሩ ሮጦ እንዳሸነፈ ጻፈ፣ ይህም የእሴት መጨረሻ ነው አለ። ወዲያው ሌላ ሰው አረመው፣ ትንሽም ቆጣ ብሎ። በባዶ እግሩ የሮጠው ሮም ላይ ብቻ ነው፣ ጫማው ስላልተመቸው። ሰዓቱ 2፡15፡16 ነበር። በቶኪዮ ጫማ አድርጎ ነው በ2፡12፡11 የገባው፣ ያውም የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ጥቂት ሳምንታት በኋላ። አራሚው አንድ ነገር ጨመረ፣ እኔ ከዚያ በፊት አስቤው አላውቅም። የሮሙ ቀን እ.ኤ.አ. መስከረም 10፣ 1960 ነው፣ በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.። የአዲስ ዓመት ዋዜማ ማለት ነው። አበበ በሮም አስፋልት ላይ ሲሮጥ እዚህ ችቦ እየተዘጋጀ ነበር።

መልስ 11

ከአበበ ወደ ምሩጽ ይፍጠር ተሻገርን። እ.ኤ.አ. በ1972 ሙኒክ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ አግኝቶ 5 ሺህው ያመለጠው ለምን እንደሆነ ሁለት ሰዎች ተከራከሩ፣ አልተግባቡም፣ እኔም አልገባበትም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ያለው ላይ ሁሉም ተስማማ። እ.ኤ.አ. በ1976 አፍሪካውያን ከሞንትሪያል ሲቀሩ እሱም ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1980 ሞስኮ ላይ ሁለቱንም ወርቅ ወሰደ። ስምንት ዓመት መጠበቅ ሶብር (ትዕግሥት) ይጠይቃል ብሎ የጻፈው ሰው ቀጣዩን መልስ ጠራ።

መልስ 12

ከባቲ ነው። ሶብር የሚለውን ቃል ይዞ ስለ ረመዳን ጻፈ። በመጀመሪያው ዓመት በጾም ወር ፕሮግራሙን እንዳለ ለመሮጥ ሞከረ። በባቲ ሙቀት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ራሱን አዙሮት አጥር ይዞ ተቀመጠ። አሁን የሚያደርገው ሌላ ነው። ከኢፍጣር በፊት 40 ደቂቃ ቀስ ብሎ፣ ሊጨርስ ሲል አዛን እንዲደርስለት አድርጎ። ጠንከር ያለው ልምምድ አፍጥሮ ምግቡ ሲረጋለት፣ በሳምንት አንዴ ብቻ። ረጅሙን ሩጫ ያሳጥረዋል። በዚያ ወር አዲስ ነገር አይጨምርም፣ ያለውን ይጠብቃል።

የሱ እሴት ኒያ ነው። ከመነሳቱ በፊት ለምን እንደወጣ በልቡ ያስራል። ሰው ሊያየው ከሆነ ይመለሳል። ይህ ሰው እኔ ከላይ በብዙ መስመር ያልኩትን በአንድ ቃል ጨረሰው።

መልስ 13

ከቡድናችን ልብስ ሰፊው ነው፣ እኔ ሳልነግረው ገብቶ ጻፈ። ሁዳዴን 55 ቀን እንደሚጾም፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆዱን እንደሚቆይና ልምምዱን ወደ አመሻሽ እንደሚያዞረው ነገራቸው። በሶ ከውሃ ጋር፣ ምስር፣ ተልባ። ከዚያ የቡድናችንን የቀን ምርጫ ተረከ። ረጅሙን ሩጫ ዓርብ እንዳናደርግ ጁምዓ አለ። እሁድ እንዳናደርግ ቅዳሴ አለ። ሰኞ ገበያ ነው፣ ባለሱቁ አይችልም። እየተነጋገርን ቅዳሜ ላይ ወደቅን። በረመዳን ቅዳሜውን ወደ አመሻሽ አዞርነው፣ ክርስቲያኖቹም ውሃ ሳንይዝ ወጣን። ማንም አልጠየቀንም። የጾመው ሲያፈጥር አብረን ነው የጠጣነው፣ ተማሪው ከኪሱ ተምር አውጥቶ ለስድስት አካፈለን። በሁዳዴ ደግሞ ሙስሊሞቹ ምሳ ሳይበሉ ይጠብቁናል። ወሎ ውስጥ ይህ አዲስ ነገር ተብሎ አይወራም። እኔ ግን ያለዚህ ቡድኑ ሁለት ወርም እንደማይቆይ አውቃለሁ፣ ሰው የሚለውን ቃል የጻፍኩት በዚሁ ምክንያት ነው።

ከሥሩ አንዲት አንባቢ ደራርቱ ቱሉን አስታወሰች። በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ 10 ሺህውን አሸንፋ የደቡብ አፍሪካዋን ኤላና ማየርን ጠብቃ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን የዞሩበትን።

መልስ 14 እና 15

ወሬው መንገድ ሳተ። አንዱ ደሴ ውስጥ ጥሩ የሩጫ ጫማ የት እንደሚገኝ ጠየቀ። አንዳንዱ ፒያሳ አለው፣ አንዳንዱ ቦንዳ ተራ ሂድ አለው። ጋሼ የተለበሰ ጫማ ከገዛ ተረከዙን በአውራ ጣቱ ይጫነው፣ ካልተመለሰ ይተወው አሉ። ሌላው ደግሞ በቦሩ ሜዳ መንገድ ስላሉት ውሾች አነሳ። እውነቱን ነው፣ በሌሊት ያስቸግራሉ። መሮጥ ትቶ መራመድ ይሻላል፣ ለድንጋይ ጎንበስ ማለቱ ብቻ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

መልስ 16 እና 17

አንድ ሰው በቀጥታ እኔን ያዘኝ። ለራሱ ደብተር የሚዋሽ ሰው ተማሪ ፊት እንዴት ይቆማል፣ ጭራሽ እሴት አስተማሪ ሆኖ ክር ይከፍታል ወይ አለ። አነጋገሩ ጠንከር ያለ ነበር፣ ሌሎች ሊመልሱለት ሲነሱ እኔ ቀደምኩ። የጻፍኩለት አጭር ነው። ስህተቱን ያወጣሁት ባቱን የያዘው ሌላ ሰው ደብተሩን እንዲያይ ነው። ተማሪዎቼም ያውቁታል፣ ምክንያቱም ደብተሩን ክፍል ይዤ ገብቼ 18ቷን ሰርዤ 15 የጻፍኩባትን ገጽ አሳይቻቸዋለሁ። ነርሷ ከሥር ገብታ በሆስፒታል ካርድ ላይ ያልተሰጠ መድኃኒት ተሰጠ ተብሎ ቢጻፍ ምን እንደሚከተል አሰበችና ጻፈች። ሰውየው አልመለሰም።

መልስ 18

ይሄኛውን ያለ እርጋታ ማንበብ አልቻልኩም። የቀድሞ ሯጭ ነው፣ ከየት እንደሆነ አልተናገረም። ለሱ እሴት የሚፈተነው በማለዳ መነሳት ላይ ሳይሆን በመድኃኒት ላይ ነው። ጉልበቱን ተጎድቶ ሲያገግም አንድ ሰው ቀርቦ መርፌ እንዳለ ነገረው። ደም የሚያበዛ፣ ኢፒኦ የሚባለው። ማንም አያውቅም ተባለ። እሱ ደግሞ ያኔ የቤት ኪራይ የሁለት ወር ነበረበት። እምቢ ያለው ቅጣቱን ፈርቶ አልነበረም፣ ቅጣቱን ያወቀው በኋላ ነው፦ ሆን ብሎ የተጠቀመ አራት ዓመት ይታገዳል፣ በሰውነቱ ውስጥ ለተገኘው ሁሉ ተጠያቂው ራሱ ነው። ደምን አወፍሮ ለልብና ለአንጎል አደጋ እንደሚሆንም የሰማው በኋላ ነው። እምቢ ያለው ከመንደር ሲወጣ አባቱ በራስህ እግር ሮጠህ ግባ ብለው ስለመረቁት ነው። የራስህ እግር የሚለው ቃል ያን ቀን ጆሮው ላይ ቆሞ ነበር።

ባለ ባጃጁ ከሥሩ አንድ መስመር ብቻ ጻፈለት፣ ወንድሜ ብሎ።

መልስ 19

ተማሪው ተመልሶ ታምራት ቶላን አነሳ። በ2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሊምፒክ ታምራት ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ ተጎድቶ ሲቀር ውድድሩ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ግድም ሲቀረው ገባ። በ2፡06፡26 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ። ተጠባባቂ ሆኖ ልምምዱን እንደ ዋና ተወዳዳሪ መያዝ ለሱ የእሴት ትርጉም ነው። እኔ ከሁለቱም ጎን አየሁት። አልቻልኩም ብሎ ቦታ የሚለቅ ባይኖር ያ ቀን አይመጣም ነበር፣ ጋሼም ስለ ሚያነክሰው ልጅ የነገሩን ይህንኑ ነው።

መልስ 20

የደሴ ሰው ናቸው፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ቤተሰባቸውን ይዘው ወጡ። ታኅሣሥ ላይ ተመለሱ። በመጀመሪያው ቅዳሜ እንደልማዳቸው ሆጤ ወረዱ። ከዘጠኝ ሰው ሁለት ብቻ መጣ። ማሟሟቁን ሠሩ፣ ግን ወደ የት እንደሚሮጡ ጠፋቸው። ከዚያ ቀስ እያሉ ወደ ቀሩት ሰባት ሰዎች ቤት ሮጡ። በየደጁ ቆመው በር አንኳኩ። አንዱ ቤት ጎረቤት ወጥቶ ሰዎቹ ሐርቡ ዘመድ ጋ እንዳሉ ነገራቸው፣ አንዱ ቤት ማንም አልወጣም፣ አንዱ ቤት ሰውየው በፒጃማው ወጥቶ አቅፏቸው አለቀሰና ጫማውን ፍለጋ ገባ። ያን ቀን ስንት ኪሎ ሜትር እንደሮጡ አልቆጠሩም።

ከሥሩ ሁለት ሰዎች ወደ ፖለቲካ ሊወስዱት ጀመሩ። እንዲተዉት ለመንኳቸው፣ እግዜር ይስጣቸው ተዉት።

መልስ 21

ባለ 4 ተመለሰ። አልተለወጠም። የባለ ባጃጁን ታሪክ አንብቧል፣ ያመነውን አምኗል፣ ግን አንድ ነገር ጠየቀን፦ ያ ልጅ ተረከዙ ሲጎዳ ስምንቱ ልጆች፣ ክለቡ፣ እሴቱ፣ የት ነበሩ? ማን አሳከመው? መልስ ያለው አልነበረም። ባለ ባጃጁ ራሱ ልጆቹ ከኪሳቸው አዋጥተው አንድ ጊዜ እንዳሳከሙት፣ ለሁለተኛው ግን እንዳልነበራቸው ጻፈ። የባለ 4 ጥያቄ እዚያው ቁጭ ብሏል። እኔም የምመልስለት የለኝም፣ ቡድናችን ግን ባለፈው ቅዳሜ በየወሩ ለጉዳት የሚሆን ትንሽ እቁብ መሰል ማዋጣት ጀምሯል። ሳጥኑ ባለሱቁ ጋ ነው።

መልስ 22

ጋሼ ናቸው። ከመክፈቻዬ ጀምሮ ሁሉንም እንዳነበቡ ነገሩኝና የዚህ ሳምንት ደብተር ምን እንደሚል ጠየቁ፣ ሳላሳምር እንድጽፍላቸው። ጻፍኩላቸው። ሰኞ ዕረፍት። ማክሰኞ የታቀደው 12፣ የተሮጠው 9፣ ባት ጠበቅ ስላለኝ ቆምኩ። ረቡዕ 6 በጣም ቀስ ብሎ። ሐሙስ ዳገት ስምንት ጊዜ ተብሎ አምስት። ዓርብ ዕረፍት። ቅዳሜ ገና ነው፣ 16 ይላል።

ቅዳሜን 12 አድርገው፣ የሐረጎን ዳገት ተወው፣ ሜዳውን ሩጥ ብለው መለሱልኝ። ደብተሩ ላይ 16ቷን ሰርዤ 12 ጽፌያለሁ። ነገ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከሆጤ እንነሳለን።